ፌንጣዋ ለምን ዞረች

ፌንጣዋ የተገኘችው ባሮ ወንዝ ዳር፣ ሰው በሚውጥ ሣር መሃል፣ በጎኗ ተጋድማ ነው። ፌንጣ ያላት የጋምቤላ ሰው ነው እንጂ የወረቀት ስሟ ጃይሮፕሌን ነው። ክፍት ወንበር፣ ከኋላ የሚገፋ ሞተር፣ ከላይ ደግሞ ነፋስ ብቻ የሚያሽከረክረው ረጅም ክንፍ። ሄሊኮፕተር ልትሆን አስባ መንገድ ላይ ሐሳቧን የቀየረች ነው የምትመስለው። የፓርኩን ነጭ ጆሮ ቆርኬ ልትቆጥር መጥታ ብዙም ሳትቆይ አገሩ ሁሉ ለመዳት። ዝቅ ብላ፣ ቀስ ብላ ስለምትሄድ ከሥር በብስክሌት የሚያጅባት እንኳ አልጠፋም ነበር።

አሁን ይኸው ወድቃ፣ ክንፏ ላይ የጥይት ቀዳዳ ይዛ ተገኘች። ጉድ ፈላ!

ኢንስፔክተር ኛሬአት በማግስቱ ስትደርስ ሚሊሻዎቹ ቀድመዋታል። የተሰበረውን ግማሽ ክንፍ ከወደቀበት ጭቃ አንስተው ሞተሩ ላይ አስደግፈውታል፤ ለመጣው ሁሉ ቀዳዳውን ያሳያሉ። ማስረጃ አትንኩ ቢባል ማን ሰምቶ!

"ይኸው፣ ራስሽ እዪው" አለ ዲዩ። ዲዩ የፓርኩ ጠባቂ ነው፤ ከአብራሪው ከሙአዝ ኋላ ተቀምጦ ቆርኬ የሚቆጥረው እሱ ነበር። ግንባሩ ላይ ፕላስተር፣ ትከሻው ላይ ክላሽ አለ። ፌንጣዋ ስትወድቅ አብራሪውን አዝሎ እስከ ዋናው መንገድ ያደረሰው እሱ ነው፤ ለዚህም ሁሉም ያመሰግነዋል። "ከዚያ ቄጠማ ውስጥ ነው የተኮሱብን። ሙአዝ ወደ ከተማ ልመለስ ብሎ አዞራት፣ አልሆነለትም።"

ኛሬአት ቀዳዳውን አየችና አለፈችው። ዓይኗ የቀረው የማሽኗ አፍንጫ ላይ ነበር።

"ወዴት ነበር የምትሄዱት?"

"ወደ ኢታንግ።"

"አፍንጫዋ ግን ወደ ጋምቤላ ነው።"

"አልኩሽ እኮ፣ ሲተኮስብን ዞርን።"

መልሱ መልስ ነበር። ግን ሰው ሲተኮስበት ከተኳሹ ይሸሻል እንጂ፣ ተኳሹ ተደበቀበት በተባለው ቄጠማ አጠገብ፣ ያውም ዝቅ ብሎ፣ ተመልሶ ያልፋል እንዴ? ኛሬአት ይህን ጥያቄ አላወጣችውም። የሆድን በሆድ ብላ ወደ መኪናዋ ሄደች።

*

የጣቢያው አዛዥ ኮማንደር አለማየሁ ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ችኮላው ነው። ምሳ እንኳ ሲበላ የሚያባርሩት ይመስላል።

"ምን ቀረሽ?" አላት። "ክንፉ ላይ ቀዳዳ አለ። ቄጠማው ውስጥ ጠብመንጃ የያዘ ሰው አለ። አፈሙዙ ባሩድ እየሸተተ ነው የተያዘው።"

"አዞ ላይ ተኮስኩ ይላል።"

"ታዲያ ምን ሊል ኖሯል? አርብ አዲስ አበባ እልከዋለሁ። በራሪ ነገር ላይ መተኮስ እዚህ እኛ ጋ የሚያልቅ ክስ አይደለም።"

"የቀዳዳው ምርመራስ? የዲዩም የታሰረውም ሰው መሣሪያ ክላሽ ነው፤ የማን እንደሆነ በዓይን አይለይም።"

"ውጤቱ ይከተለዋል።"

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ኮማንደር።"

"አንቺ ስትተርቺ አርብ ይደርሳል።"

የታሰረው ጎኝ ይባላል። የቀበሌው ሚሊሻ ነው፤ ጠብመንጃውም የተሰጠው በዚያ ነው። ወንዙ ዳር የሚኖረው ከሽማግሌ አባቱ ከሩአች ጋር ነው። ኛሬአት እስር ክፍሉ ስትገባ ቁጭ ካለበት ተነሣ።

"ለምን ተኮስክ?" አለችው።

"አዞው ጥጃ ሊወስድብን ነበር።"

"መታኸው?"

ጎኝ አንገቱን ደፋ። "ሳትኩት።"

ኛሬአት ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። ዋሽቶ ለማምለጥ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ አዞውን ገደልኩት ይል ነበር።

"ፌንጣዋ ላይ የምትቀየምበት ነገር ነበረህ?"

"እኔ? ምን አድርጋኝ! አባቴ በጠዋት ተነሥቶ እሷን ነው የሚጠብቀው።" "እህቴ፣ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለህ አሉኝ። አባቴ አርጅቷል፤ ከኔ ሌላ ሰው የለውም። እስክመለስ ይቆየኛል?"

ኛሬአት ወጥታ ሾፌሯን ወደ ሆስፒታል ንዳ አለችው።

*

ሙአዝ ሆስፒታል ነው ያለው። የባለ ሱቁ የሙሐመድኑር ልጅ ነው፤ አባቱ ጨውና መረብ እየሸጠ ያሳደገው፣ የከተማው የመጀመሪያ አብራሪ የሆነ ልጅ። እግሩ በጀሶ ታስሯል። ቀኝ ክንዱም ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ እንዲሁ በጀሶ ነው።

ኛሬአት በግራው በኩል መጥታ እጇን ስትዘረጋለት ደህናውን ግራ እጁን አልጋው ላይ ትቶ፣ ጀሶ የተጠቀለለውን ክንድ እያቃሰተ በደረቱ ላይ አሻግሮ ክርኑን ሰጣት።

"ኧረ ግራህን ስጠኝ፣ ምን ቸገረህ?"

"ነውር ነው፣ ኢንስፔክተር" አለ፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

ያሳደገው ሰው ይባረክ አለች በልቧ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ተኩስ ሰምተሃል?"

"ሞተሩ ከጀርባዬ ነው የሚጮኸው። አላስታውስም።"

"ለምን ዞርክ?"

ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄደ። "አላስታውስም።"

"ዲዩ ተኮሱብን ብሏል። የሩአች ልጅ ጎኝም ታስሯል።"

የሙአዝ ፊት አመድ መሰለ። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው።

"አላስታውስም" አለ ለሦስተኛ ጊዜ፤ ይሄኛው ግን ከፊተኞቹ ቀጥኖ ነው የወጣው።

*

"ጥይት? አንድ ጥይት ይህችን ይጥላል? ኧረ ተይ!" አለች ሪድዋና።

ሪድዋና የማሽኗ ኢንጂነር ናት፤ ፌንጣዋ ከምትነሣበት ሜዳ ጫፍ ካለው የቆርቆሮ መጋዘን የማትወጣ፣ ስለ ፌንጣዋ ክፉ የሚናገር ሰው እናቷን የሰደበ ያህል የሚያናድዳት ሴት። ኛሬአት ነዳጁ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ስትጠይቃት ከማሽኗ የቀዳችውን ነዳጅ በጠርሙስ አምጥታ ብርሃን ላይ አሳየቻት። ንጹሕ ነበር።

"ሞተሩ አየር ላይ ቢጠፋስ?"

"ክንፉን የሚያዞረው ሞተሩ አይደለም፣ ነፋሱ ነው። ከፍ ካለች ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ ታርፋለች።"

"እንግዲያ ምንድን ነው የሚጥላት?"

ሪድዋና እጇን በጨርቅ ጠረገች። "ዝቅ ብሎ ቀስ ማለት። ለሚያይ ሰው ከሁሉ የሚቀለው እሱ ይመስላል፤ ከሁሉ የሚከብደው ግን እሱ ነው። ነፋሱን ፊት ለፊት ስትቀበዪ መሬቱ ከሥርሽ ቀስ ቢልም ነፋሱ ይሸከምሻል። ዞረሽ ከጀርባሽ ሲሆን ግን መሬቱ ይሮጥብሻል። ፈጠንኩ ትያለሽ፤ ውሸት ነው። ዓይንሽን አምነሽ ፍጥነት ከቀነስሽ ከሥርሽ ትሰምጣለች። ከፍ ብለሽ ከሆነ ጊዜ አለሽ። ዝቅ ብለሽ ከሆነ አንድ መዳኛ ብቻ ነው ያለሽ፤ ወዲያው ነዳጅ መስጠት። ለዚህ ነው ቀኝ እጅ መሪውን፣ ግራ እጅ ነዳጅ መስጫውን አይለቅም የሚባለው።"

"ያን ቀን ነፋሱ ከየት ነበር?"

"ከኢታንግ በኩል።"

"ወደ ጋምቤላ ለዞረ ሰው፣ ከጀርባ ነበር ማለት ነዋ።"

"ሙአዝ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም" አለች ሪድዋና ቆጣ ብላ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ከሠራም ፈቃዱን ይነጥቁታል። ያ ልጅ ከመብረር ሌላ ምኞት የለውም። እባክሽ ተጠንቀቂለት።"

ለሙአዝ ተጠንቀቂ፣ ለጎኝ ተጠንቀቂ። ኛሬአት ሁለቱንም እንዴት አድርጋ እንደምትጠነቀቅላቸው አልታይ አላት።

*

ሽማግሌው ሩአች ወንዙ ዳር ማንጎ ሥር ቁጭ ብሎ መረብ ይጠግን ነበር። ኛሬአት ሐሙስ ረፋድ ላይ ደረሰች። አርብ ነገ ነው። ከመኪናው ወርዳ፣ ማስታወሻ እንኳ ሳታወጣ፣ ቆማ በኑዌርኛ ጠየቀችው።

"ፌንጣዋ ስትወድቅ የት ነበሩ?"

ሩአች መረቡን ጠገነ።

"ተኩስ ሰምተዋል?"

ሩአች ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ቀና ብሎ አላያትም። ሾፌሯ ከመኪናው ሆኖ "አባባ፣ ፖሊስ ናት እኮ!" ሲል በአማርኛ ጮኸበት፤ ሽማግሌው ግን እንደ ዝንብ ድምፅ እንኳ አልቆጠረውም።

የኛሬአት ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ። እናቷ በሕይወት ብትኖር እዚያው በጥፊ ታጮላት ነበር። ሥራ ሥራ ስትል፣ አርብ አርብ ስትል፣ የሰው አባት ፊት እንደ ግድግዳ ፊት ቆማ! ምንም ሳትናገር ወደ መኪናው ተመለሰች፤ በሩን ከፍታ ዘጋች፤ ከዚያ አሁን ገና እንደደረሰ ሰው ቀስ ብላ መጥታ ጎንበስ አለችና ቀኝ እጇን ለሰላምታ ዘረጋች።

"ማሌ።"

ሽማግሌው መረቡን አስቀመጠና እጇን ያዘ። "ማሌ፣ ልጄ።" ስለ ቤቷ ጠየቃት፣ ስለ ከብቱ ጠየቀችው፣ ስለ ዝናቡ ተባባሉ። ከዚያ ድንገት ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሐዘን ነበረበት።

"አንቺም ተመለስሽ" አለ።

"እኔም? ሌላ ማን ተመለሰ?"

"የሙሐመድኑር ልጅ ነዋ።"

ኛሬአት ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

"እኔና አባቱ ዓሣና ጨው ስንለዋወጥ ነው ያረጀነው" አለ ሩአች። "ልጁ ሰማይ ሲወጣ በላዬ እንደ ጥንብ አንሣ ውልብ ብሎ ያልፍ ጀመር። ገበያ ላይ አገኘሁትና፣ 'ልጄ፣ ሰላምታ የእግዚአብሔር ነው፤ ሰማይ ላይ ክልክል ነው እንዴ?' አልኩት። ለቀልድ ነበር። እሱ ግን አፈረ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ሳይለኝ አልፎ አያውቅም።"

"ያን ቀንስ?"

"ያን ቀን ዘንግቶኝ አለፈ። ራቅ ካለ በኋላ ዞር ብሎ ሲያየኝ ጊዜ ተመለሰ። ዝቅ አለ፣ ቀስ አለ፣ እጁን አነሣልኝ። እኔ መረቡን ከእጄ ሳላስቀምጥ ሣሩ ዋጠው። ሰላምታውን እንኳ አልመለስኩለትም።"

"ተኩሱስ?"

"የልጄ ተኩስ ፌንጣዋ ሳትመጣ ነው። ሁለተኛው ከወደቀች በኋላ፣ ከዚያው ሣር ውስጥ ነው። ሰዎቹ ሊረዱ ሲሮጡ ያን ሰምተው ነው የተመለሱት። ለሚሊሻዎቹ ነገርኳቸው፤ አንተ አባት ነህ፣ ለልጅህ ነው የምትመሰክረው አሉኝ።"

ኛሬአት ልትነሣ ብላ ቆመች። አንድ ነገር ውስጧን ኮረኮራት፤ ጀሶ የተጠቀለለ ክንድ፣ ላብ ያቸፈፈ ግንባር።

"አባቴ፣ የትኛውን እጁን ነው ያነሣው?"

ሩአች እንደ ተሰደበ ሰው አያት። "ይሄ ምን ጥያቄ ነው? ቀኙን ነዋ! የሙሐመድኑር ልጅ ሽማግሌ በግራው ሰላም የሚል ባለጌ ነው እንዴ?"

መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ጭኗ መሃል መሪ እንዳለ አድርጋ ቀኝ እጇን ጨበጠች፤ ግራዋን ነዳጅ መስጫው በሚሆንበት ጎኗ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀኟን ለሰላምታ አነሣች። መሪው ባዶ ቀረ። ግራዋን ከጎኗ አንሥታ መሪውን ያዘችበት። እጇ ወደ ውጭ እንደተዘረጋ ብትወድቅ የሚሰበረው ቀኝ ክንዷ ነው።

"ነዳጁን ማንም አልያዘውም" አለች።

"ነዳጅማ ሞልቼ ነው የመጣሁት" አለ ሾፌሩ።

*

ዲዩ አሁንም ፌንጣዋን እየጠበቀ ነበር። ኛሬአት ሰላም አለችው፣ ደህና መሆኑን ጠየቀችው፣ ከዚያ ክንፉ መጀመሪያ የተጋደመበትን ቦታ አሳየኝ አለችው። ጭቃው ደርቋል። ሚሊሻዎቹ ክንፉን ቢያነሡትም ቅርጹ ጭቃው ላይ ታትሞ ቀርቷል። ኛሬአት በርከክ ብላ በእጇ እየዳበሰች ሄደች። መሃሉ አካባቢ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘች። በመኪናዋ ቁልፍ ቆፈረች።

ዲዩ ቆሞ ያያት ነበር። አላስቆማትም፤ አልሸሸምም።

ጥይቱን አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። "ከቄጠማው የተተኮሰ ጥይት ክንፉን አየር ላይ ከመታ፣ ሰማይ ይሄዳል እንጂ ከክንፉ ሥር መሬት አይገባም። ክንፉን የመታው መሬት ላይ ተኝቶ ነው፣ ዲዩ። ከላይ ነው የተተኮሰበት።"

ዲዩ ክላሹን ከትከሻው አውርዶ ቀስ ብሎ እግሯ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ ያ ግዙፍ ሰው ሣሩ ላይ ዘፍ አለ።

"ያለቅስ ነበር" አለ። "እግሩ እንዲያ ተሰብሮ ለእግሩ አይደለም ያለቀሰው። 'ፈቃዴ ሄደ፣ ሁለተኛ አልበርም' እያለ ነው ራሱን የሳተው። እንደ ወንድሜ ነው፣ ኢንስፔክተር። የተተኮሰበት አብራሪ አይጠየቅም ብዬ ነው የተኮስኩት። ቄጠማው ውስጥ ሰው መኖሩን አላወቅኩም።"

"ካወቅክስ በኋላ?"

ዲዩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"ይኸው አራተኛ ቀኑ፤ የሰው ልጅ ታስሮ ያድራል" አለች ኛሬአት። ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ ድምጿ ግን እንዳሰበችው አልወጣላትም። "ተነሥ፣ እንሂድ።"

*

ሙአዝ ስትገባ ገና ፊቷን አይቶ ገባው።

"ቀኙን ነው ያነሣሁት" አለ፣ ሳትጠይቀው። "ግራው ይቀል ነበር። ነዳጁን ለቅጽበት ብለቀው መልሼ እይዘዋለሁ። ግን ሽማግሌ ነው፤ እንዴት በግራ? ነፋሱ ከኋላዬ መሆኑን ረሳሁት። መስጠም ስትጀምር ግራ እጄ መሪው ላይ ነበር። አልደረስኩም።"

"ስለ ጥይቱስ?"

"ከእርስዎ ነው የሰማሁት። ዲዩ መሆኑ ወዲያው ገባኝ።"

"ጎኝ መታሰሩንም ከኔ ነው የሰማኸው። ከዚያ ወዲያ ግን ዝም አልክ።"

"ዝም አልኩ" አለ ሙአዝ፤ እንባው ወረደ። "ነገ እናገራለሁ እያልኩ ነበር። ፈራሁ። ለሰላምታ ብዬ ወድቄ፣ ሰላም ያልኩትን ሰው ልጅ አሳሰርኩ። እጽፋለሁ፤ ይጠይቁኝ፣ ሁሉንም እጽፋለሁ። ፈቃዱን ይውሰዱት።"

ኮማንደር አለማየሁ አርብ ጠዋት የሙአዝንና የዲዩን ቃል አንብቦ ሲጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል ተነሣ። የእስር ክፍሉን ቁልፍ ራሱ ይዞ ሄደ። "ተርቺብኝ" አላት ሲመለስ።

"አርብ ነው ኮማንደር፣ ጊዜ የለኝም" አለችው።

*

ከጥቂት ቀን በኋላ ጎኝ ሆስፒታል ልሂድ ብሎ ጣቢያ መጣ። ኛሬአት ልቧ ፈራ፤ ስለዚህ አብራው ሄደች። ሙአዝ በሩ ላይ ሲያየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጎኝ አልጋውን ዞሮ ግድግዳው በኩል ቆመ። ቀኝ እጁን ዘረጋ።

"አባቴ ነው የላከኝ። 'ሰላምታውን ሳልመልስለት ወደቀ፤ ሂድና መልስለት' ብሎኛል። ማሌ።"

ሙአዝ ቀና አለ። ከዚያ ጀሶ የተጠቀለለውን ክንድ ሊያነሣ ታገለ፤ ፊቱ በሕመም ተጨማደደ።

"ተው፣ ግራህን" አለ ጎኝ።

"ነውር ነው።"

"እሱንም ልኮልሃል። 'ከሰማይ ሲሆን በግራውም ይሁን፣ አልቀየምም በለው' ብሏል።"

ሙአዝ ትንሽ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። "ሰማዩማ ቀረ፣ ጎኝ። ፈቃዴን ወሰዱት።"

ጎኝ አልጋው ላይ የተዘረጋውን ግራ እጅ አልጠበቀውም፤ ራሱ ጎንበስ ብሎ ጀሶው ያለቀበትን ክርን ቀስ አድርጎ ያዘ።

"እንግዲህ ሲሻልህ በእግርህ ትመጣለህ" አለው። "በቀኝህ ትሰላመዋለህ። እሱም መረቡን አስቀምጦ ይጠብቅሃል።"